የርግቧ ጎዶሎ ግጥም

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ ዛሬ ሆድ ብሶኛል።

ባልና ሚስት ርግቦች ነበሩ። ማታ ማታ እሷ አንድ ስንኝ ትቋጥራለች፤ እሱ ቤት የሚመታውን ሌላ ስንኝ ይመልስላታል። አንድ ቀን ባልየውን ጭልፊት በላው። እሷ ግን አመሻሹ ላይ አሁንም፦

«ጀንበር ዘቀዘቀች፣ ወዴት ነህ አንተዬ?»

ትልና መልሱን ትጠብቃለች። ይህን ሲሰማ የሰነበተው ጭልፊት አንድ ምሽት ከገደሉ ላይ መለሰላት፦

«ከገደል አፋፍ ነኝ፣ ቶሎ ነይ ሆድዬ።»

ርግቧ ክንፏን ዘረጋች።

«አንቺ! የጭልፊቱ ድምፅ እኮ ነው!» አለቻት ጎረቤቷ ጅግራ።

«አውቃለሁ እቴ» አለች ርግቧ፤ «ግን ቤት መታልኝ።»

በረረች።

ተረቴን መልሱ አልልም፤ ዳቦውም ይቅርብኝ።