ጅቡና የማንም ያልሆነው ደጅ

«አንድ ጊዜ ስማኝማ፣ አያ ጅቦ! አንድ ጊዜ ብቻ!» አለ ቀበሮ። ከጅቡ ዋሻ ደጃፍ ቆሟል። ከኋላው አንድ ነገር ደብቋል።

ጅቡ አፍንጫውን ብቻ አወጣ። «ምን ይዘህ መጣህ?»

«ቁም ነገር።»

«እሱ አልሸተተኝም።»

ቀበሮ የደበቀውን አጥንት ወደ ፊት አመጣው። ከዚያ በኋላ ጅቡ በደንብ ሰማ።

ነገሩ የቦዩ ነገር ነበር። ከወንዙ ተጠልፎ ቁልቁለቱን የሚወርድ አንድ ቦይ። ከላይ ቀበሮና ወገኖቹ ይኖራሉ። መሃል ላይ ጅቡ ከነልጆቹ። ከታች እነ አህያ። በአንበሳ ሕግ ሁሉም በዓመት በዓመቱ ወጥቶ ጭቃውን ይጠርጋል፤ ካመረተውም ላይ ለግምጃ ቤቱ ግብር ያስገባል። ከግምጃ ቤቱ ደግሞ ጠረጋውን የሚያሠሩት ጦጣዎች ቀለብ ይሰፈርላቸዋል። ቀለቡ ሳይጓደል ይሰፈራል። ጠረጋው ግን አንዳንዴ ነው።

«ነገ ዋርካው ሥር ጉባኤ አለ» አለ ቀበሮ። «እኛ የምንለው አጭር ነው። እያንዳንዱ የራሱን ደጅ ይጥረግ! ላቤን በባዕድ ደጅ ምን አስፈሰሰኝ? ጦጣስ ዛፍ ላይ ቁጭ ብላ ‹በርቱ! በርቱ!› ስላለች የማበላት ልጄ ናት?»

«እውነት ነው» አለ ጅቡ እየቆረጠመ።

ቀበሮ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጦጣ መጣች።

«እንደምን ዋልክ፣ አያ ጅቦ? ቀበሮ እዚህ መጥቶ ነበር እንዴ?»

«የለም» አለ ጅቡ፤ አጥንቱ ገና ባፉ ነው።

«ስማ። ቦዩ የሚደፈነው አሠሪ ስላነሰ ነው። ጦጣ ይጨመር፤ ግብርም ይጨመር። የላዮቹ ጠጥተው ጠግበዋል፣ እነሱ ይክፈሉ። አንተ ደግሞ እዚህ ድንጋይ ላይ ስትተኛ ጎንህን አያምህም? ከግምጃ ቤቱ ቁርበት እናነጥፍልሃለን።»

ቁርበት! ጅብ በማያውቁት አገር እንኳ የሚጠይቀው ቁርበት፣ በሚያውቁት አገር ሳይጠይቅ መጣለት።

«እውነት ነው» አለ ጅቡ።

*

ዋርካው ሥር ድምፁ እኩል ለእኩል ተከፈለ። የታቾቹ «ስስታሞች!» አሉ። የላዮቹ «ሆዳሞች!» ብለው መለሱ። አህያ ውርንጫዋን ከጎኗ አድርጋ ተነሣች።

«እኔ ከመጨረሻው ነኝ። ዘንድሮም ውሃው ካልደረሰኝ ሣሬ ያልቃል። ሣሬ ካለቀ ልጄን ይዤ ስደት ነው። የፈለጋችሁትን ሕግ አውጡ፤ ውሃው ብቻ ይድረሰኝ።»

«እትዬ አህዪት ውሃ አጣሁ ትላለች እንጂ ጥላ ሞልቷታል» አለ ቀበሮ። «በጆሮዎቿ ጥላ ላይ ቀረጥ ይጣልልን!»

የላዮቹ ሳቁ። ጅቡም ሳቀ። እሱ በሁሉም ይስቃል።

አንበሳ መዳፉን አነሣ። «ድምፅ ያልሰጠው ጅቡ ብቻ ነው። ተናገር።»

ጅቡ አሰበ። የሚያስበው ደግሞ ጮክ ብሎ ነው። «አጥንቱ ሆዴ ገብቷል። ቁርበቱ ገና አልመጣም። እንግዲህ... እያንዳንዱ የራሱን ደጅ!»

ተፈረደ። ጦጣዎቹ ተሰናበቱ።

ሁሉም የራሱን ደጅ ጠረገ። ያውም አሳምሮ። ጅቡማ ከማንም አስበልጦ ቆፈረ፤ ውሃው ሲያልፍ ብዙው እሱ ዘንድ እንዲቀር። ታች አህያም የራሷን ጠረገች።

በጅቡ ደጅና በአህያ ደጅ መሃል ግን ገደሉን ታክኮ የሚያልፍ ጠባብ ቦታ አለ። እዚያ ማንም አይኖርም። የማንም ደጅ አይደለም። ድሮም ጦጣዎቹ ጥላው ስለተስማማቸው ፍሬ እየላጡ ልጣጩን ይጥሉበት ነበር እንጂ አስጠርገውት አያውቁም። አሁን ደግሞ ዞር ብሎ ያየውም የለም። ጭቃ፣ ሥራሥር፣ ከላዩም ድንጋይ።

*

ዝናቡ ተራራው ላይ ጣለ። ቁልቁለቱ ላይ ፀሐይ ነው። ደፍርሶ የመጣው ውሃ በቦዩ ሲወርድ ጅቡ ደጁ ላይ ቆሞ ተቀበለው።

«የኔ ነው!» አለ። «ይኸም የኔ ነው! ይኸም!»

ውሃው አለፈ፣ ገደሉ ጥግ ደረሰ፣ መሄጃ አጣ፣ ተመለሰ። ጅቡ የቆፈረውን ጉድጓድ ሞላና የዋሻውን አፍ ያዘ። ልጆቹ ውስጥ ናቸው። ከፍ ያለች መደብ ላይ ወጥተው ይጮኻሉ። ጅቡ ሊገባ ሞከረ፤ ውሃው አንከባሎ መለሰው። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና መለሰው።

እየተደናቀፈ ወደ ገደሉ ጥግ ሮጠ። ከተደፈነው ወዲያ ማዶ፣ በደረቀው ቦይ አጠገብ፣ አህያ ቆማለች።

«እትዬ አህዪት! ልጆቼ!»

«ጩኸታቸውን ሰማሁ» አለች፤ ግን ወደ ኋላዋ ሸሸች። «አንተ ግን ጅብ ነህ።»

«ነኝ።»

«ብትበላኝ ድንጋዩን የሚገፋልህ አታገኝም።»

ይህ እስኪገባው ጥቂት ቆየ። «አልበላሽም» አለ። ከዚያም ዋሽቶ እንዳይሆን ፈርቶ፣ «ዛሬ» ብሎ ጨመረበት።

«ዛሬ ይበቃናል» አለች አህያ፤ ወደ ቦዩ ወረደች።

እሱ አጥንት በሚሰብረው መንጋጋው ሥራሥሩን በጠሰ። እሷ በኋላ እግሯ ድንጋዩን ረገጠች። ቀበሮ እስከ አንገቱ ርሶ ደረሰ።

«ይኸ የማነው?» አለ እያለከለከ። «የኔ ደጅ አይደለም!»

«ያንተን ደጅ አልፎ ጓዳህ የገባው ውሃ ግን ከዚህ ነው የመጣው» አለች አህያ።

ቀበሮ ጅራቱን አየ። ውሃ ያንጠባጥባል። መቆፈር ጀመረ።

ከላይ፣ ከዛፉ ላይ፣ የጦጣ ድምፅ መጣ። «ወደ ቀኝ! ወደ ግራ! በርቱ!»

«እመት ጦጢት፣ ውረጂ!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። የላይና የታች ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት በዚህ ነው።

ጦጣ ወረደች። ቀጭን እጇ ከድንጋዩ ሥር ገብቶ የተቆላለፈውን ሥር ፈታ። አህያ ረገጠች። ድንጋዩ ተነቃነቀ፣ ተንከባለለ፤ ውሃው እያጓራ ወረደ።

ጅቡ ወደ ዋሻው በረረ። ልጆቹ ርሰዋል። ተቆጥተዋል። ሁሉም አሉ።

የአህያ ሣርም ያን ቀን ጠጣ።

*

ጉባኤው እንደገና ተቀመጠ። ጭቅጭቁ አልቀረም። ቀበሮ ግብሩ በዛ አለ፤ ጦጣ አነሰ አለች። ዛሬም እንዲሁ ይላሉ። ግን መጀመሪያ የማንም ያልሆነው ደጅ እንዲጠረግ፣ ሁሉም እንደ ጀርባው እንዲሸከም፣ አሠሪም እጁ ጭቃ ካልነካ ቀለብ እንዳይሰፈርለት ተስማሙ። ከቀበሮ ማሳ አጠገብም የሳንቃ በር ተሠራ፤ ሲከፈት ውሃው ወደ ላዮቹ ማሳ ይገባል፣ ሲዘጋ ቦዩን ይዞ ለታቾቹ ይወርዳል።

ማን ይጠብቀው? ቀበሮ ሲባል የታቾቹ ጮኹ። ጦጣ ስትባል የላዮቹ ጮኹ።

«ጅቡ ይጠብቅ» አለ አንበሳ። «ለሁለታችሁም እኩል ‹እውነት ነው› ያለ እሱ ብቻ ነው።»

ሳቁ። የተሻለ ግን አላገኙም።

ጅቡም ሳንቃውን በመንጋጋው አንሥቶ፣ በትከሻው ደግፎ ቆመ። የዋርካው ጥላ የምልክቱን ድንጋይ ሲነካ ተራው የታቾቹ ነው። ጥላው ሊደርስ ሲል ቀበሮ ከች አለ። ከኋላው አንድ ነገር ደብቋል።

«አንድ ጊዜ ስማኝማ፣ አያ ጅቦ። ትንሽ ብቻ ይቆይልኝ። አህያ ብትጠብቅ ምን ትሆናለች?»

አጥንቱ ትልቅ ነው። መቅኒው ከሩቅ ይሸታል። ጅቡ ምራቁን ዋጠ። እንደገና ዋጠ። ቁልቁል አየ። ልጆቹ በደረቀው ደጁ ላይ እየተንከባለሉ ይጫወታሉ። ከእነሱ በታች ውርንጫዋ አንገቷን ወደ ቦዩ አስግጋ ቆማለች።

ጥላው ድንጋዩን ነካ።

«ሽታውስ ደህና ነበር» አለ ጅቡ። ከሳንቃው ሥር ትከሻውን አወጣ።

በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

ከዚህ የምንማረው፣ ስለ ሸክሙ ልክ ክርክሩ ባያልቅም፣ የማንም ያልሆነውን ደጅ አብረው የሚጠርጉ በየደጃቸው ውሃ እንደማያጡ ነው።