የዘርትሁን ልጆችና የአጋሙ ፍሬ

በአንድ ወቅት፣ ዝናብ ሁለት ክረምት ባኮረፈበት ዘመን፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ዘርትሁን የምትባል መድኃኒት አዋቂ ነበረች። የዱር ፍሬ የምታውቀውን ያህል የሰው ፊት አታውቅም ይሏታል። እንቆቆ ለኮሶ ትል፣ ቀጋ ለደከመ ሰውነት፣ አጋም ለተቅማጥም ለረሃብም፤ መጠኑን ከእናቷ ተቀብላ አርባ ዓመት ሰው ስታክም ኖረች። አሁን ግን ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፤ ጉልበቷም ከድቷታል። በአገሩ ወግ መድኃኒት የሚነገረው ለአንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ለሁለት ከተነገረ ኃይሉ ይሸሻል ይባላል። የዘርትሁን ልጆች ደግሞ ሦስት ናቸው።

በዚያ ዓመት ጎተራው ሲራቆት ተቅማጥ ገባ። በሁለት ሳምንት አራት ሰው ተቀበረ። ዘርትሁን ደጇ ላይ ተቀምጣ፣ የመጣውን ሁሉ «ፍሬ የለኝም፣ ልጄ» እያለች ትመልሳለች። መመለሱ ከማከሙ ይልቅ አደከማት።

ታላቋ የሻረግ ናት። እናቴን ጥዬ አልሄድም ብላ ትዳሯ የፈረሰ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የእናቷን ቅርጫት የተሸከመች ሴት። ሰው የማይደፍረውን ገደል ወርዳ፣ ከሥር ካለው የሸለቆ ስርጥ አጋም አገኘች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ስልቻ ሙሉ ተሸክማ፣ እጇን እሾህ ቦጫጭሮት ተመለሰች። «ተቀበሉኝ» አለችና እዚያው ደጁ ላይ እንቅልፍ ጣላት።

ታናሿ ውባለች ፍሬውን ስታበጥር እጇ ቆመ። ግማሹ ሞላላ፣ ግማሹ ድቡልቡል ነው። አጋምን የሚመስል ገዳይ ፍሬ አለ፤ ቁጥቋጦው እንደ አጋም እሾህ ስለሌለው ሳይለቀም ይለያል፣ ከተለቀመ በኋላ ግን ያስቸግራል። እዚያ ስርጥ ውስጥ ሁለቱ ተጠላልፈው በቅለዋል፤ የሻረግም በድካሟ አልለየቻቸውም።

«እማ፣ አጋሙ የትኛው ነው?»

ዘርትሁን በጣቶቿ ዳበሰች። ድርቁ ሁሉንም አቀጭጮታል። «አልለይ አለኝ። ድፉት።»

«ደጅ ያሉት ሰዎችስ?»

«እንግዲያው እኔ ልቅመስ። እኔ ኖሬያለሁ።»

«ድቡልቡሉን ቀምሼዋለሁ» አለች ውባለች።

ጥቂት ቆይታ ወደቀች። ሦስት ቀን ከሞት ጋር ታገለች። ድቡልቡሉ ተደፋ፣ ሞላላው ለሰው ተረፈ። እሷም ተረፈች፤ ግን ልቧ ተጎድቶ ዳገት ቀርቶ እስከ አጥሩ ስትሄድ እንኳ መሀል ላይ ትቀመጣለች።

መካከለኛው አያልሰው ከወንዙ ማዶ ጎጆ የወጣ ገበሬ ነው። የቀረውን ፍሬ አይቶ «ይህ ለሃምሳ ቤት አይበቃም» አለና ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ በአህያ ጭኖ መጣ። ጭማቂውን ለበሽተኛው፣ የፍሬውን ሥጋ ከገብሱ ጋር ወቅጦ ለተራበው ቂጣ አደረገው። ወንድ ልጅ ሙቀጫ ያዘ ብለው የሳቁበት ሳይቀሩ በሉ። መንደሩ ከሞት ወጣ። ዝናቡ ሲመጣ ግን የእሱ ማሳ ጦሙን አደረ፤ ሚስቱም ልጆቿን ይዛ አባቷ ቤት ገባች።

በመስከረም ዘርትሁን ሦስቱንም ጠራች። «ጊዜዬ አልቋል። ለምንድን ነው መድኃኒቱን ለእናንተ የምነግረው? ተናገሩ።»

«ሕይወቴን ሰጥቼበታለሁ» አለች የሻረግ። «ሌላ ምን ቀረኝ?»

«መሄድ ባልችል ሰው ወደ እኔ ይመጣል» አለች ውባለች። «እሷ ስትስት ሰዉን ያዳንኩት እኔ ነኝ።»

የሻረግ አንገቷን ደፋች።

አያልሰው ግን እንዲህ አለ፦ «ለእኔ አይሁን፣ እማ። ደክሞኛል።»

ይህ ቃል ዘርትሁንን ወጋት። ከንጋት እስከ ምሽት ደጅ የሚንኳኳበት፣ የሞተው ሁሉ በእሷ የሚሳበብበት አርባ ዓመት ፊቷ ድቅን አለ። ከሦስቱ የሸክሙን ክብደት የገመተው እንቢ ያለው ብቻ መሰላት። የሚወዱትን ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ያሸክሙታል? የለመኑትንስ እንዴት ይነፍጓቸዋል?

«አንዳችሁ ቅሩ፣ ሁለታችሁ ውጡ» አለች። ስም ግን አልጠራችም። ሦስቱም እንደቆሙ ናቸው።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው። አንዷ ፍሬውን አመጣች፣ አንዷ መርዙን ለየች፣ አንዱ ለሁሉም አዳረሰው። በዘርትሁን ቦታ ብትሆኑ መድኃኒቱ የሚገባው ለማን ነው ትላላችሁ?