በልቶ የተጠመቀው ሕፃን

ልጆቼ፣ ጆሯችሁን ወደዚህ፣ ልባችሁን ወደ እርሷ መልሱ፤ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ለአንዲት ጭንቀታም እናት ያደረገችው ቸርነት ይህ ነው፤ ጥላዋ ሁላችንንም ይጋርደን።

ጥሩአየሁ የምትባል፣ የክርስትና ስሟ አመተ ጽዮን የሆነ፣ እመቤታችንን ከልቧ የምትወድ ሴት ነበረች፤ ፊደል ባትቆጥርም «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ሳትል እህል አትቀምስም ነበር፤ ምናሴ የሚባል ልጅ ከወለደች ወዲያ ደግሞ እርሱን ባበላች ቁጥር ጸሎቷን ትደግም ጀመር። ልጁን ያየው ሐኪም እንዲህ ብሏት ነበርና፤ «የዚህ ልጅ ጉበት ያስቀመጠውን ስንቅ መልሶ ለሰውነቱ መስጠት አይችልም፤ ምግቡ ከዘገየ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞትብሻል፤ ቀንም ሌሊትም አብይው»። እርሷም አጥሚቷን ከጉያዋ አትለይም ነበር።

አማቷ እትዬ ደብሬ ግን «ሐኪም ምን ያውቃል! ልጁን ሆዳም ያደረገው ክፉ መንፈስ ነው፤ ጸበል ያስለቅቀዋል» እያለች ነዘነዘቻትና፣ እርሷም ምሕረት ናፍቋት ልጇን አዝላ ወደ ዋሻ ማርያም ጸበል ሄደች። በዚያ ጸበል ጎሕ ከቀደደ ወዲህ አፉን የሻረ አይጠመቅም፤ ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ አብልታው፣ «ቀድሜ አስጠምቄ ወዲያው አበላዋለሁ» ብላ ተሰለፈች። ዕለቱ ግን የንግሥ በዓል ነበርና ቅዳሴው ረዘመ፣ አጥማቂው አባ ኃይለ ልዑልም ዘገዩ፣ ፀሐይዋም ከፍ አለች፤ ከዚያም የምናሴ ግንባር በላብ ራሰ፣ ከንፈሩም ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አጥሚቱን ከጉያዋ ብታወጣ ከኋላዋ የቆመ ጎልማሳ ጮኸ፤ «አንቺ ሴትዮ! እኛ በባዶ ሆድ የቆምነው ቁርስ ጠፍቶብን መሰለሽ?»

«ተዪው እቴ» አለቻት ሌላ ሰልፈኛ ሴትም፤ «ጾም ሰው ገድሎ አያውቅም።»

አዬ ልጆቼ! ብታበላው ከጸበሉ ሊባረርባት፣ ባታበላው ከእጇ ሊያመልጣት ሆነና አጥሚቱን እንደያዘች ቀረች። የልጁም ዓይን ወደ ላይ ተገለበጠ፤ እርሷም ሌላ ቃል ቢጠፋት «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» አለች።

ያን ጊዜ የመንገድ አቧራ የለበሰች አንዲት ሴት ከሰልፉ ወጥታ ከአጠገቧ ተንበረከከችና «ምን ትጠብቂያለሽ፣ እኅቴ? እኔ ልጄን ይዤ ስሰደድ፣ በበረሃ ሲርበው ላበላው ማንን አስፈቀድሁ?» አለቻት። ከዚያም የሕፃኑን ራስ ቀና አድርጋ ያዘችለት፣ ጥሩአየሁም አጥሚቱን በጠብታ በጠብታ አፉ ውስጥ አደረገችለት፤ አንዴ ፈሰሰ፣ አንዴም ፈሰሰ፣ ከዚያም ጉሮሮው ዋጠ፤ እየዋለ እያደረም ሳይሆን ወዲያው ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑም እናቱን ፈለገ።

ሰዉም «ጸበሉን አረከሰችው! አውጧት!» እያለ ሲንጫጫ አባ ኃይለ ልዑል ደረሱና «ልጄ፣ የበላ እንደማይጠመቅ አልሰማሽም? ማን አብይው አለሽ?» አሏት። «ይህች እናት» ብላ ብትዞር በአጠገቧ ማንም አልነበረም፤ ጸበሉ ካለበት ዋሻ ግን የውኃ ድምፅ ተሰማ። በጠብታ ብቻ ይወርድ የነበረው ጸበል እንደ ምንጭ ፈልቆ ከደጃፉ ወጣ፣ የሰልፈኛውን እግር ሳይነካ ቁልቁል መጣና አጥሚት ከአገጩ ያልተጠረገለትን ሕፃን ከራሱ እስከ እግሩ አጠመቀው፤ ሕፃኑም ሳቀ። አባም በጭቃው ላይ ወድቀው «ሕፃን ጾም የለበትም፤ ያከበድንበት እኛ ነን» እያሉ አለቀሱ፤ ያ ጎልማሳም የሚገባበት ጠፋው።

የምናሴ ሕመም በዚያ ቀን ተነቅሎ አልሄደም፤ ዛሬም በየመካከሉ ይበላል፣ ሐኪሙም ያየዋል፤ ሞት ግን በረሃብ በር አልገባበትም። እትዬ ደብሬም ነገሩን ሰምታ፣ ሲመሽ አጥሚቱን ከምራቷ እጅ ተቀብላ «ሌሊቱን ለእኔ ተዪልኝ፣ ልጄ፤ ጸሎቱን ብቻ አስጠኚኝ» አለቻት። ጥሩአየሁም እመቤታችንን አመስግና፣ ልጇን ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛች።

የተራበ ልጇን በስደት ያቀፈች እመቤት የታመመ ልጅ ላላት እናት ሁሉ ትድረስላት፤ እናንተም የሰማችሁኝ ልጆቼ፣ ማዕዳችሁ አይጉደል፣ የልጅ ሞት አይድረስባችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።