የጋሽ ላቀው ብሩሽና የኩለኒ ካይት

እኛ ላንጋኖ ዳር የምንኖር ሰዎች አንዲት አባባል አለችን። ባልና ሚስት ተጣልተው እንባቸው ገና ጉንጫቸው ላይ ሳለ፣ «ኑ አሁኑኑ ትታረቃላችሁ» የሚል ችኩል ሽማግሌ ሲመጣ እንጠቅሳታለን። መንገደኛ ሲሰማት የልብስ አጣቢዎች ምክር ትመስለዋለች። አልተሳሳተም፤ የተነሣችው ከልብስ ማጠቢያ መደብ ላይ ነው። ሰሞኑን ግን ማዶ ያሉት መንደሮች «የእኛ ናት» ማለት ጀምረዋል አሉ። ውሸት ነው! እኔ ብርቄ፣ ዓሣ ጠባሿ፣ ስትወለድ እዚያው ነበርኩ። ከጥፋቱም የራሴ ድርሻ አለኝ፤ ስለዚህ ከእኔ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

በምሠራበት ሎጅ ውስጥ ጋሽ ላቀው የሚባሉ አጣቢ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ ያጠቡ ሰው ናቸው። አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ቀን ወይን ተደፍቶባት ስታለቅስ፣ ቀሚሷን ተቀብለው ኬክ ከመቆረሱ በፊት እንደ አዲስ አድርገው መልሰውላታል። «እድፍ እኔን ሲያይ ራሱ ይለቃል» ይሉ ነበር። ጉራቸው ከሳሙናቸው አረፋ ይበልጥ ነበር፤ ግን የሚጎርሩበት ነገር ነበራቸው። እኛም በእሳቸው እንጎርር ነበር።

ኩለኒ ደግሞ የዓሣ አጥማጁ የገመዳ ልጅ ናት። እንግዶች ጣውላ ላይ ቆመው ሐይቁ ላይ በትልቅ ጨርቅ እየተጎተቱ ሲንሸራተቱ ስታይ አደገች፤ ዕቃቸውን ስታግዛቸው ተማረች፤ በመጨረሻ በለጠቻቸው። ጨርቁን ካይት ይሉታል። ልጆች በክር ከሚያበሩት ፌስታል ጋር እንዳታመሳስሉት፤ ይሄኛው ጎልማሳ ሰው አንሥቶ የሚወስድ ነው። ጥጥ እንዳልተሞላ ብርድ ልብስ ኪስ ኪስ ተደርጎ የተሰፋ ነው፤ ንፋስ በኪሶቹ አፍ ሲገባ ተነፍቶ ይነሣል። ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል እንጂ ሲዳስሱት ከነጠላ ይሳሳል።

የሎጁ ባለቤት ወይዘሮ አመለወርቅ አንድ ካይት አስመጡና ትምህርት ቤት ሊከፍቱ አሰቡ። ኩለኒን ጠርተው፣ «እሑድ ጠዋት እንግዶች ባሉበት ታሳዪኛለሽ። ልቤ ከሞላ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ፤ ካልሞላ ከኬንያ አስመጣለሁ» አሏት። እኛ የሐይቁ ዳር ሰዎች እዚያ ሎጅ ውስጥ ጠባሽ፣ አጣቢ፣ ሻንጣ ተሸካሚ ነን። ከእኛ መሐል አስተማሪ የተባለ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ያች እሑድ የኩለኒ ብቻ አልነበረችም፤ የሁላችንም ልብ ተሰቅሎባታል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስትለማመድ ንፋሱ ድንገት ጠፋ። ካይቱ ውሃው ዳር ወደቀና እርጥብ አሸዋ በኪሶቹ ሞላ። ንፋሱ ወዲያው ተመልሶ ብድግ አደረገውና ምድጃዬ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን አዋዜ ነበር። ጥፋቱ የንፋሱ ነው፣ አዋዜው ግን የእኔ ነበር፤ አልክድም።

ኩለኒ አልተናደደችም። ካይቱን በጥንቃቄ ሰብስባ፣ ግራሩ ጥላ ሥር በተወጠረው በጋሽ ላቀው ገመድ ላይ ሰቀለችው።

«እትዬ ብርቄ፣ ለስላሳ ሳሙናና ስፖንጅ ከአስፋልቱ ዳር ሱቅ ገዝቼ እመለሳለሁ» አለችኝ። «እስክመጣ ማንም እንዳይነካው። ይድረቅ።»

«ሂጂ፣ ማን ይነካዋል?» አልኳት።

የተሳፈረችበት ባጃጅ አቧራውን አስነሥቶ ሳይርቅ ጋሽ ላቀው አንሶላ ተሸክመው መጡ። ገመዳቸውን አዩና ቆሙ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የኩለኒ ካይት ነው።»

«ካይትነቱን አልጠየቅሁሽም፣ እድፉን ነው! በላቀው ገመድ ላይ እድፍ ተሰቅሎ ነገ እንግዳ ሊያየኝ ነው?»

«ይድረቅ ብላለች።»

«ብርቄ፣ አንቺ ዓሣሽን ጥበሺ። አዋዜ አንዴ ከደረቀ ማን ያስለቅቀዋል? እድፍ በትኩሱ ነው!»

ስለ አዋዜ ከሆነ እውነታቸውን ነው። ስለ አሸዋው ግን እሳቸውም አላሰቡ፣ እኔም አላሰብኩ። ጠንከር ብዬ መከልከል ሲገባኝ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

ካይቱን አውርደው ማጠቢያው መደብ ላይ ዘረጉት። የዱቄት ሳሙና በተኑበት፣ ምንጣፍ የሚፈትጉበትን ብሩሽ አነሡና ጀመሩ። ከሥር እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ ብሩሽ፣ ጨርቁ መሐል ሆነ። ክርሽ ክርሽ ይላል። ድምፁ ደስ አላለኝም፤ ግን ስለ ማጠብ ለጋሽ ላቀው ማን ደፍሮ ይናገራል?

ትንሽ ቆይቶ የኩለኒ ባጃጅ ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቅ አለ። ከላይ ሆና የሚሠሩትን አየች መሰለኝ፣ ዘልላ ወርዳ እጇን እያወናጨፈች ቁልቁል መሮጥ ጀመረች። ትጮኻለች፤ ነገር ግን ንፋሱ ከሐይቁ ወደ እሷ ስለሚነፍስ ቃሉን ቆራርጦ ነው የሚያደርስልን።

«ጋሽ ላቀው! ...ሸው! ...ሸው!»

«ምንድነው የምትለው?» አሉኝ ብሩሻቸውን አቁመው።

ጆሮዬን አቅንቼ ሰማሁ። እግዜር ይይላት ያቺን ጆሮዬን! «እሸው ነው የምትለው» አልኳቸው።

የጋሽ ላቀው ፊት ጠቆረ። «እሸው? ለእኔ ነው እሸው? ‹ይሹት› ማለት አቃታት? አባቷ ገመዳ እንኳ አንቱ ብሎ ነው የሚያናግረኝ!»

«ነገ ፈተና አለባት፣ ተጨንቃ ነው...»

«ተጨንቃ! እንግዲያው ማሸት ምን እንደሆነ ላሳያት!»

እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው ሰብስበው ካይቱን በንዴት ይፈትጉት ጀመር። እሷ ስትጮህ እሳቸው ይብሳሉ፤ እሳቸው ሲብሱ እሷ ትጮኻለች። ደርሳ ብሩሹን ከእጃቸው እስክትይዝ ድረስ ክንዳቸው አላረፈም።

«አሸዋው! ጋሼ፣ አሸዋው ነው ያልኩት! ጨርቁን ይበላዋል!»

«እሸው አላልሽም?»

«እርስዎን? ምን ቢነካኝ ነው እርስዎን እሸው የምለው?»

ካይቱን አንሥታ ወደ ፀሐይ ዘረጋችው። ብርሃኑ በወንፊት እንደሚያልፍ በጨርቁ ነጠብ ነጠብ እያለ አለፈ። ኩለኒ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ጋሽ ላቀው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የሰው ልብስ ሲያበላሹ የመጀመሪያቸው ነው።

«ልጄ፣ መርፌና ክር ላምጣና አሁኑኑ...»

«አይሆንም ጋሼ። መርፌው ሌላ ቀዳዳ ነው።»

«እንግዲያው ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ እኮ...»

«አሁን አይደለም፣ በፈጠረዎት!» አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «እሱም ይድረቅ፣ እኔም ልድረቅ።»

ካይቱን በንጹህ ውሃ አለቃልቃ፣ የኪሶቹን አፍ ወደ መሬት አዙራ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ተቀመጥን። ለጋሽ ላቀው እጅ አጣምሮ መቀመጥን የሚያህል ቅጣት አልነበረም። ሁለት ጊዜ ብድግ አሉ፤ ሁለት ጊዜ ኩታቸውን ጎትቼ አስቀመጥኳቸው። «ሰውየው ድሮም ደረቅ ናቸው፣ ደግሞ ምን ያድርቃቸው» ብዬ ላስቃቸው ሞከርኩ። አልሳቁም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጨርቁ ደረቀ። ኩለኒ ጫፉን ይዛ ቀስ አድርጋ ነቀነቀችው። ያ የነከሰን አሸዋ ያለ ብሩሽ፣ ያለ ሳሙና ከየኪሱ ረገፈ፤ ገመዱ ሥር ተከመረ። ጋሽ ላቀው ተንበርክከው አንድ እፍኝ ዘገኑና ትክ ብለው አዩት።

«ያለ ምንም?» አሉ።

«ያለ ምንም» አለች።

ቀጥሎ አዋዜውን በስፖንጅ፣ በዝናብ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እየዳበሰች አነሣችው። ግማሹ ለቀቀ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ከካይቱ ጋር የመጣ ተለጣፊ ጨርቅ ነበራት፤ እሷ እየቆረጠች ትለጥፋለች፣ ጋሽ ላቀው በመዳፋቸው እየተጫኑ ያስተካክላሉ። ጀንበር ሳትጠልቅ ጨረሱ። ይቅርታውን ያኔ ጠየቋት፤ ያኔ ነው ስቃ ጉልበታቸውን የሳመችው።

እሑድ ጠዋት እንግዳው ሁሉ አሸዋው ላይ ተሰበሰበ። ኩለኒ ክሮቹን ወጠረች፤ ካይቱ ትንሽ ተንገዳገደና ተነፋ፣ ከነልጣፉ ከነቢጫው ሰማይ ላይ ቆመ። ቡናማውን ውሃ እየሰነጠቀች ሄደች፤ መሐል ላይ ስትደርስ ሐይቁን ለቃ ወደ ላይ ዘለለች፣ አየር ላይ ዞረች፣ ተመልሳ በእግሯ ቆመች። አባቷ ገመዳ ጀልባው ላይ ቆሞ መረቡን ረስቶ በኦሮምኛ «ልጄ ናት! ልጄ ናት!» እያለ ይጮኻል። እኔ ከነጭልፋዬ እልልታውን አቀለጥኩት። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ወይዘሮ አመለወርቅም አጨበጨቡ። ካይቱ ወርዶ እያገላበጡ ሲያዩት ግን ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ችሎታሽን አየሁ፣ የለሽም አልልም» አሉ። «ነገር ግን አዲስ ዕቃ እንዲህ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት እንዴት በአደራ እሰጥሻለሁ? ይሄን ያደረገው ማነው?»

ኩለኒ መሬት መሬቱን አየች። አባቷ ሽማግሌ ማሳጣት አላስተማራትም። «በሥራ ላይ የደረሰ ነው» አለች። ወይዘሮዋ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሥራዋ ከእጇ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት።

ጋሽ ላቀው የተሰበሰበውን እንግዳ መሐል ለመሐል ሰንጥቀው ወደ ፊት መጡ። ራሳቸው የተኮሱትን ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል።

«እመቤቴ፣ ይሄ የእሷ እጅ አይደለም» አሉ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የላቀው እጅ ነው። እዚህ ቤት የነጣው አንሶላ ሁሉ የኔ ነው ስል ኖሬአለሁ፤ እንግዲያው ይሄም የኔ ነው። እሷ ይድረቅ አለች፣ እኔ እምቢ አልኩ። ቀዳዳው የኔ ነው፣ ልጣፉ የእሷ ነው። ቀዳዳውን ለኔ ይተዉትና ልጣፉን ይዩላት!»

ወይዘሮ አመለወርቅ ልጣፎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይሄን ለጥፈሽ ነው እንደዚያ የዘለልሽው?» አሏት በመጨረሻ። «በይ፣ ከነገ ጀምሮ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ። ግን ተማሪዎቹ ካይቱን እንዴት እንደሚያጸዱ የሚያሳያቸው ሰው ፈልጊ፤ ሁለተኛ እንዲህ እንዳይሆን።»

«አግኝቻለሁ» አለች ኩለኒ ሳታመነታ። «ጋሽ ላቀው ናቸው። አሸዋ ጨርቅ ሲበላ ከእሳቸው በላይ ያየ የለም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ሸሚዛቸውን አስተካከሉ፣ ደረታቸውን ነፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጀመሪያ ትምህርታቸውን እዚያው ለሁላችንም ሰጡ፦ «ስሙኝማ ልጆች፤ አሸዋን በእርጥቡ ያሸ፣ ጨርቁን አበላሸ።»