የአራሷ መረቅ

እኔ ላውራ፣ እናንተ ተቆጡልኝ። ጣና ዳር ሩቂያ የምትባል ቁጡ እናት ነበረች። ልጇ ሐዋ ወልዳ አራስ ቤት ተኛች፤ የዓሣ መረቅም አማራት። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ሩቂያ ወደ ጎረቤቷ ወደ ሙሄ የደንገል ታንኳ ሄደች። ታንኳው ባዶውን ተመልሷል። ዓሣ በሚርመሰመስበት ክረምት! የሩቂያ ደም ፈላ። ታንኳውም ዓሣዋ አልያዝም ካለች ምን ላድርግ አላት። ታንኳው ባዶውን ተመለሰ፤ አራሷም መረቅ አጣች።

ሩቂያ ዓሣዋን ውሃ ዳር ጠርታ አፋጠጠቻት።

«እትዬ፣ የእርስዎ ልጅ በሰላም ተገላግላለች። እኔ ግን እንቁላሌን በሆዴ ይዤ እዞራለሁ። እኔ የምጥለው ላይኛው ወንዝ፣ ጠጠር ላይ፣ በጠራ ውሃ ነው እንጂ ሐይቁ ጭቃ ውስጥ አይደለም። ወንዙ ያሳልፈኝ፤ ስመለስ ወደ ታንኳው እመጣለሁ።»

ዓሣዋ አልያዝም አለች፤ ታንኳው ባዶውን ተመለሰ፤ አራሷም መረቅ አጣች።

ሩቂያ እየተንጨረጨረች ወንዙ አፍ ደረሰች። ወንዙ ከዳር እዳር መረብ ተዘርግቶብኝ በየት ላሳልፋት ብሎ አረፈው። ወንዙ አላሳልፍም አለ፤ ዓሣዋ አልያዝም አለች፤ ታንኳው ባዶውን ተመለሰ፤ አራሷም መረቅ አጣች።

መረቡን ብትይዘው ገመዱ ካልለቀቀኝ የት እሄዳለሁ አለ። ገመዱም ያሰረኝ እጅ ይፍታኝ አለ። ይህ ግፍ አይደለም እንዴ? ገመዱ አልፈታም አለ፤ መረቡ አልነሣም አለ፤ ወንዙ አላሳልፍም አለ፤ ዓሣዋ አልያዝም አለች፤ ታንኳው ባዶውን ተመለሰ፤ አራሷም መረቅ አጣች።

«ይህን ያሰረ እጅ ይድረቅ» አለች ሩቂያ።

ብላም ቋጠሮውን አየችው። ድርብ ነው፤ መሐሉ ላይ የደንገል ቁራጭ ተሰክቶበታል። በዚያ መንደር እያንዳንዱ ቤት በቋጠሮው ይታወቃል፤ ደንገል የሚሰካው የሩቂያ ቤት ብቻ ነው። ሐዋ ስትወልድ ዓሣ እንዳታጣ ብላ በሰኔ የወንዙን አፍ የዘጋችው ራሷ ሩቂያ ነበረች። የልጅ ልጅ ደስታ አስረስቷታል። እጇን አየችና አፈረች።

እጇ ገመዱን ፈታ፤ ገመዱ መረቡን ለቀቀ፤ መረቡ ከወንዙ ተነሣ፤ ወንዙ ዓሣዋን አሳለፈ፤ ዓሣዋ ወጥታ እንቁላሏን ጣለች፤ ቃሏንም ጠብቃ ተመለሰች፤ ታንኳው ሞልቶ ገባ፤ አራሷም መረቋን እስኪያልባት ጠጣች።

አሁን ቁጣዬን መልሱልኝ፤ ቋጠሮውን ሳላይ ነው ያስቆጣኋችሁ።