ቆርጫ በሃያ ደቂቃ

ዘርፌ የምትባል አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ትርንጎ ከገደሉ ማዶ፣ ቆርጫ የተባለ ቀበሌ ነው የተዳረችው። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ስልክ ተደወለ፤ ትርንጎ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ምጥ ይዟታል፣ "እማዬን ጥሩልኝ" ትላለች። ቆርጫ በእግር ሦስት ቀን፣ በትንሿ አውሮፕላን ሃያ ደቂቃ ነው። ዘርፌ ሃያዋን ደቂቃ ፈልጋ፣ ጠዋቱን ሙሉ ዳገት ስትወጣ ውላ ወይራምባ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰች።

"በል ልጄ፣ እንነሳ" አለችው አብራሪውን ናሆምን።

"እማማ፣ የቆርጫው ሬዲዮ ሠራተኛ 'ና' ካላለኝ አልነሳም።"

ናሆም ካልተነሳ ዘርፌ አትደርስም። እግሯን እየጎተተች ሬዲዮው ዘንድ ሄዳ የቆርጫውን ሠራተኛ ዳርጌን አነጋገረችው።

"ወንድሜ ዳርጌ፣ ምናለ 'ና' ብትለው?"

"እንዴት ልበል እናቴ? የጎረቤታችን የእታገኝ አህዮች ማኮብኮቢያው ላይ ተኝተዋል! አንዱን ሳባርር ሌላው ይመለሳል።"

አህዮቹ ካልተነሱ ዳርጌ "ና" አይልም፤ ዳርጌ "ና" ካላለ ናሆም አይነሳም፤ ናሆም ካልተነሳ ዘርፌ አትደርስም። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"እታገኝን ጥራልኝ" አለች።

ዳርጌ እታገኝ ወዳለችበት ወፍጮ ቤት ደወለና ስልኩን ከሬዲዮው ጋር አጋጠመው።

"ከትናንት ጀምሮ ወረፋ ይዣለሁ" አለች እታገኝ። "በቆሎዬ ሳይፈጭ ንቅንቅ አልልም!"

በቆሎው ካልተፈጨ እታገኝ አትመጣም፤ እታገኝ ካልመጣች አህዮቹ አይነሱም፤ አህዮቹ ካልተነሱ ዳርጌ "ና" አይልም፤ ዳርጌ "ና" ካላለ ናሆም አይነሳም፤ ናሆም ካልተነሳ ዘርፌ አትደርስም።

"እሺ፣ ባለወፍጮውን አቅርቢልኝ" አለች ዘርፌ፣ ድምጿ እየሰለለ።

"ዱባለ ነኝ" አለ ባለወፍጮው። "የወፍጮዬ ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሷል። ያለ ቺንጋ በምን ይዙር?"

ቺንጋው ካልመጣ ወፍጮው አይዞርም፤ ወፍጮው ካልዞረ በቆሎው አይፈጭም፤ በቆሎው ካልተፈጨ እታገኝ አትመጣም፤ እታገኝ ካልመጣች አህዮቹ አይነሱም፤ አህዮቹ ካልተነሱ ዳርጌ "ና" አይልም፤ ዳርጌ "ና" ካላለ ናሆም አይነሳም፤ ናሆም ካልተነሳ ዘርፌ አትደርስም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እሱስ የት ነው ያለው፣ ቺንጋው?"

"እዚያው እናንተ ዘንድ! ሳምንቱ ነው፣ አውሮፕላን እየጠበቀ።"

ናሆም ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጦ አንድ የተጠቀለለ ጥቁር ነገር ይዞ ተመለሰ። የዱባለ ስም ተጽፎበታል።

"ስማኝ ወንድሜ" አለች ዘርፌ። "ቺንጋህን ይዤዋለሁ። አህዮቹ ካልተነሱ ግን እሱም አይመጣ፣ እኔም አልመጣ። ልጄ ብቻዋን እያማጠች ነው።"

ዱባለ ስልኩን እንደያዘ ወደ እታገኝ ዞረ። ከዚያ ጮኸ፦

"አንቺ እታገኝ! ወረፋሽን እኔ እይዝልሻለሁ፣ ሩጪ!"

እታገኝ ሮጠች፤ አህዮቹ ተነሱ፤ ዳርጌ "ና" አለ፤ ናሆም ተነሳ፤ ዘርፌ ከነቺንጋው በሃያ ደቂቃ ደረሰች።

ትርንጎ አልጋው ላይ ታቃስታለች። "እማዬ፣ ምነው እንዲህ ቆየሽ?"

"መጣሁ፣ መጣሁ" አለች ዘርፌ፣ እጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የዱባለ ወፍጮ መጮህ ጀመረ። ትንሽ ቆይታ ሕፃኗም ጮኸች። ዘርፌ ያን ጊዜ ጫማዋን አወለቀች።