የተሸፈነችው ዓይን

አንድ የቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበሩ፤ ጋሽ ዘርጋው ይባላሉ። ለስላሳ ኤክስሬይን የምታይ አንዲት ዓይን፣ ማለትም ጥፍር የምታክል የካሜራ ሴንሰር፣ በአደራ ይጠብቁ ነበር። የሐኪም ቤቱ ኤክስሬይ ሥጋን አልፎ አጥንት ያሳያል። ለስላሳው ግን አቅም የለውም፤ አየር እንኳ ይውጠዋል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚካሄደው አየሩ ተመጥጦ በወጣ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው።

ከዚህች በፊት የነበረችው ሴንሰር ብናኝ ገብቶባት ተበላሽታለች። ጋሽ ዘርጋው ያን ጊዜ ሰው የሞተባቸው ያህል አዘኑ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አዲሷን ስስ መከላከያ አለበሷትና «እኔ እያለሁ ይህ ሽፋን አይነሣም» አሉ።

አንድ ቀን ትርንጎ የምትባል ተመራማሪ መጣች። በአገሯ ሰው መድኃኒት እየተወጋ በካላዛር በሽታ ይሞታል። የበሽታው ተሕዋስ ከመድኃኒቱ እንዴት እንደሚያመልጥ በዓይኗ ማየት ፈልጋለች። የያዘችው ተሕዋሱ ያለበት ሦስት ናሙና ብቻ ነው፤ መሣሪያውም የተፈቀደላት ለዚያው ቀን ነበር።

የመጀመሪያው ናሙና ገባ። ምስሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

«ጨረሩን ጨምሪው» አሉ ጋሽ ዘርጋው።

ጨመረች። ጥላ መሳይ ነገር ብቅ ከማለቱ ናሙናው ተቃጠለ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ትርንጎ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ጨረሩ አላነሰም። የሚውጠው ሽፋኑ ነው። ያንሡልኝ።»

«ብናኝ ቢገባባትስ? ሌላ ከየት ላመጣ ነው?»

«የኔ ናሙናስ? እሷ እንዳትነካ ተብሎ እኮ ነው የነደደው! ደግሞስ ካላየች ምን ልትሆን ትጠበቃለች?»

ጋሽ ዘርጋው የቀረችውን አንዲት ናሙና አዩ፤ የልጅቷን ፊት አዩ። በመጨረሻ «ሣጥኑን ክፈቺው» አሉና ትንፋሻቸውን ውጠው ሽፋኑን በገዛ እጃቸው አነሡት። ሣጥኑ ተዘጋ። አየሩም እንደገና ተመጥጦ ወጣ።

የመጨረሻው ናሙና ገባ። በዚያ በደካማው ጨረር ተሕዋሱ ከነገላው እጥፋት፣ መድኃኒቱም ሳይገባ እደጁ ላይ እንደቆመ፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ትርንጎ እንባዋ መጣ። ጋሽ ዘርጋው ግን ዓይናቸው የምስሉ ጥግ ላይ ቀርቷል። እዚያ ቀድሞ ያልነበረች የብናኝ ጥቁር ነጥብ አለች።

«ተጎዳች» አሉ ነጥቧን እየጠቆሙ።

«ተጎድታለች» አለች ትርንጎ። «ግን አየች።»

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን አንዴ ከተጎዳን ወዲህ ልባችንን ሸፍነናል። አይፈረድብንም፤ ያመናል። ነገር ግን ሽፋኑ ክፉውን ብቻ መርጦ አይከለክልም፤ ለስላሳውንም ቃል ይውጠዋል። ሚስት በቀስታ ስትነግረን አንሰማም፤ ልጅ በዓይኑ ሲለምነን አናይም። ይጩኹ እንላለን። እነሱም ይጮኻሉ፣ ይነዳሉ፣ ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ «ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ!» ማለት ይመጣል። ነግራን ነበር እኮ።

ዛሬ ቤት ስትገቡ በለሆሳስ የሚናገራችሁን ሰው ልብ በሉ። ያቺ ለስላሳ ቃል የቀረችው የመጨረሻዋ ናሙና ብትሆንስ?